የቅርብ ዝምድና ያላቸው ገምጋሚ

ኅዳር 9 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ
ከሥራ ክፍሌ፣ መስኮቱ ዳር

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጣዬ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ከማጉረምረሙ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። «ሚጣ» ማለቴን አትቀየሚ፤ ስንቱ «ዶክተር» እያለ የሚነሳልሽ ሴት እንደሆንሽ አውቃለሁ። ለእኔ ግን ጥርስ ሳታወጪ የወጣልሽ ስም ነው፣ ማንም አይነጥቀኝም። አሁን መምጣት የነበረበት ታካሚዬ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ቀረና ባዶ ሰዓት አገኘሁ። በስልክ መልእክት ብጽፍልሽ «ደስ ይላል እማዬ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብለሽ በሁለት መስመር ትሸኚኛለሽ። ደብዳቤ ግን እንግዳ ነው፤ ከገባ በኋላ ቁጭ በል ማለት ግድ ነው።

የምሥራች! ጽሑፌ አለፈ። አንቺም እኔም የምናነበው ያ የሥነ ልቦና ሕክምና መጽሔት ተቀብሎታል፤ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳዳምጥ ኖሬ በስሜ የታተመ አንድ ጽሑፍ አልነበረኝም፤ ይኸው ጡረታ በር ላይ ቆማ እየጠራችኝ ደራሲ ሆንኩ። አክስትሽን እንኳ ገና አልነገርኳትም። ታውቂያት የለ፣ ለእሷ መንገር በድምፅ ማጉያ ማስነገር ነው። መጀመሪያ አንቺ እንድትሰሚ ፈለግኩ።

ስለማን እንደጻፍኩ ልንገርሽ። ስሙንና ሰፈሩን አልነግርሽም፣ ሙያሽ ነውና አትጠይቂኝም። ልብስ ሰፊ ነው። ይህንንም ቢሆን «ለልጄ ልንገራት?» ብዬ ፈቃዱን ጠይቄ፣ «ለልጅዎ ከሆነማ» ብሎኝ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር መነጋገር ትቶ ነበር፤ ወንድሙ እየጎተተ አመጣልኝ። ከሱቁ በቀጥታ ነበር የመጣው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ስፒሎቹ በከንፈሮቹ መሃል ተደርድረው። ልብስ ሰፊዎች ሥራ ላይ ሲሆኑ ስፒል በአፋቸው እንደሚይዙ አይተሻል። እሱ ግን እኔ ዘንድም ሲመጣ አላወጣቸውም። ስፒል በአፉ የያዘን ሰው ማን ተናገር ይለዋል? የመጀመሪያ ቀን በሩን ሲዘጋ ደግሞ እጀታውን ይዞ ትንሽ ቆየ፤ ከኋላው የምትገባ ሰው ያለች ይመስል።

ለወራት እንዲህ ተቀመጥን። እሱ ስፒሉን ይዞ፣ እኔ ወንበሬን ይዤ። አንድ ቀን ግን ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደራቸውና ስለ ሚስቱ ማውራት ጀመረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ዳነ ማለት ይቻላል። ሱቁ ውስጥ አሁን ሬዲዮ አለ፤ ደንበኛ ያሾፍበታል፣ እሱም ይመልሳል።

ጻፊው ብላ የወተወተችኝ እንግዳ ተቀባያችን ናት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተቀጠረች ስለሆነች አታውቂያትም። «ሚኒስትሯ» ነው የምንላት፤ ያለ እሷ ፈቃድ እዚህ ቤት ዝንብ አትገባም። «ዶክተር፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ይሄን ነገር ጽፈው ለሰው ያሳውቁ» ትለኛለች ሻይ ባመጣች ቁጥር። እኔ እኮ መጻፍ እፈራለሁ። ሰው ሲያወራ ዝም ብዬ መስማት እንጂ፣ እኔ ተናግሬ ሰው ሲሰማኝ ላብ ያጠምቀኛል። ቢሆንም ጀመርኩ። ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖብኝ ከረመ። መጽሔቱ ከዚህ ቃል አይብለጥ ይላል፤ እኔ ደግሞ መግቢያው ላይ ብቻ ግማሹን ጨርሼዋለሁ። ዋቢዎቹን አንዴ በፊደል ተራ፣ አንዴ በዓመት ደርድሬ መልሼ አፈረስኳቸው።

ከባዱ ግን ሰውየውን መደበቅ ነበር። ታካሚው እንዳይታወቅ ሙያውንም ቤተሰቡንም መለወጥ እንዳለብኝ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ልብስ ሰፊውን አናጢ አደረግኩት፣ የሞተችውን ሚስቱን እህቱ አልኳት። ከዚያም ደንቡ ነውና አንብቦ እንዲፈቅድልኝ ጠራሁት። መነጽሩን ሰካ፣ በጣቱ መስመር እየተከተለ ድምፁን አውጥቶ አነበበ። መሃል ላይ ቀና አለ።

«ዶክተር፣ ይሄ አናጢ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? እኔ እኮ መዶሻ ፈርቼ ነው መቀስ የያዝኩት!»

«ሰው እንዳያውቅዎት ብዬ ነው።»

«እሱስ ይሁን። ግን አናጢ ሆኜ ስፒል በአፌ ይዣለሁ። በየትኛው አገር ነው አናጢ ስፒል የሚይዘው?»

ጉድ ፈላ! ለካ ሙያውን ቀይሬ አፉን ረስቼዋለሁ። እንደዚያው ለመጽሔቱ ልኬው ቢሆን ኖሮ መሳቂያ ሆኜ ነበር። «ሚስማር ላድርገው?» አልኩት። «ሚስማር ይሁንልኝ» ብሎ ሳቀ። እንዲህ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለኝ። «አናጢም ያድርጉኝ፣ ግንበኛም ያድርጉኝ፣ ቅር አይለኝም። እሷን ግን እህት አይበሉብኝ። ሚስቴ ናት። ማንነቴ ሁሉ ቢደበቅ የማን እንደሆንኩ አይደበቅብኝ።»

ሚስቱ እንደሆነች ተውኩለት፣ እሱም ፈረመልኝ።

መላኩ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ገምጋሚዎች የማን ሥራ እንደሆነ ሳያውቁ እንዲፈርዱ፣ ስሜን ከየቦታው መፋቅ ነበረብኝ። ከርዕሱ ሥር፣ ከግርጌው፣ ከምስጋናው፣ ከፋይሉ ሆድ ውስጥ ሳይቀር። ሚኒስትሯ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ራሴን ከራሴ ሥራ ስንለቅም ዋልን። እንግዲህ ማን ያውቀኛል አልኩ። አንድ ነገር ግን መፋቅ አልተቻለም፤ ጽሑፌ የሚጀምረው ሰውየው በሩን እንዴት እንደዘጋ በመናገር ነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምጀምረው፣ ሌላ አጀማመር አልችልም። እዚህ ከእኔ ጋር ልምምድ ላይ ሳለሽ የታካሚ ታሪክ ስጽፍ እያየሽ «የበር ሐኪም» ትዪኝ ነበር። አባትሽም ከአንቺ ሰምቶ ከሥራ ስገባ «እስኪ በሩን እንዴት እንደዘጋሽው ልይ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ድረ ገጹ ላይ ሁሉንም ሞልተን ስንጨርስ አንድ ባዶ ሳጥን ቀረች። «ከጸሐፊው ጋር የቅርብ ዝምድና ያላቸውና ይህን ሥራ መገምገም የሌለባቸው ባለሙያ ካሉ ስማቸውን ይጥቀሱ» ትላለች።

«ዶክተር፣ እዚህ ጋ ማንን ልጻፍ?» አለች ሚኒስትሯ።

መልሱን አውቀዋለሁ። መጽሔቱ በዓመቱ መጨረሻ ገምጋሚዎቹን በስም የሚያመሰግንበት ገጽ አለው አይደል? ዓምና እዚያ ላይ ስምሽን አይቻለሁ። ስምሽ፣ ቀጥሎም የአባትሽ ስም፣ ጎን ለጎን ታትመው። ገጹን በጣቴ ዳሰስኩት። ስለዚህ ያቺ ሳጥን ያንቺ ነበረች። ግን «የቅርብ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። ለአባትሽ ቀብር መጥተሽ ከተመለስሽ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ወሬሽን የማገኘው ከአክስትሽ ነው፤ ከሳች፣ ቤት ቀየረች፣ ፀጉሯን ተቆረጠች። ወቀሳ እንዳይመስልብሽ፣ ልጄ። ስልኩን ብታነሺ ከዚህ በኩል የሚሰማሽ የአባትሽ አለመኖር እንደሆነ ይገባኛል። እኔም እኮ ቁጥርሽን አውጥቼ አይቼ አይቼ የማስቀምጠው በሌላ ምክንያት አይደለም። ብቻ ያን ቀን ያንቺን ስም እዚያ ሳጥን ውስጥ ብጽፍ፣ አንድ ቀን አይተሽው «የቅርብ?» ትይ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

«ዝለዪው» አልኳት። ሚኒስትሯም ዘለለችው፣ ተላከ።

ከዚያ ዝም። አንድ ወቅት አልፎ ሌላው ሲተካ አንድም ቃል የለም። ጣሉት ብዬ ቆርጬ ሳለሁ ነው የመጽሔቱ አዘጋጅ ደብዳቤ የመጣው። ደብዳቤው ውስጥ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛውን ኋላ እነግርሻለሁ፤ አሁን ስለ ገምጋሚዎቹ ላውራ። ሁለት ናቸው። አንደኛው ደግ ሰው፤ «እዚህ ጋ ነጥብ፣ እዚያ ጋ ዋቢ» ብለው አለፉኝ። ሁለተኛው ግን! እንዲህ ይላሉ፦ «ጸሐፊዋ ረጅሙን ዝምታ እንደ ሙያዊ ትዕግሥት አቅርበውታል። ትዕግሥት መሆኑን በምን አወቁ? ምናልባት እርሳቸውም የሚናገሩት አጥተው ቢሆንስ? በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ታካሚው አለ፤ ሐኪሟ ግን የሉም።»

ደሜ ፈላ። ምን ያለ ደፋር ነው፣ ማን ጠየቀው፣ አልኩ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ለቀናት አልነካሁትም። ሚኒስትሯ ግን የምትተው አይደለችም።

«ዶክተር፣ ሰውየው የጻፉት ነገር ውሸት ነው?»

«አንቺ ደግሞ ሻይሽን አፍይ።»

«አፍልቻለሁ። ውሸት ነው?»

ውሸት አልነበረም፣ ሚጣዬ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ለስንቱ ተናግሬ ራሴው ደብቄው ኖሬአለሁ። ስለዚህ መሳቢያውን ከፈትኩና አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። መጽሔቱ ላይ በደረቁ የሙያ ቋንቋ ታነቢዋለሽ፤ ለአንቺ ግን በቤታችን ቋንቋ ልንገርሽ፣ ከሌላ ቦታ ሳትሰሚው።

አንቺ ተመልሰሽ በሄድሽ ማግስት ሥራ ገባሁ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት!» አለ። ጥንካሬ አልነበረም። ቤት ውስጥ የአባትሽን ወንበር ላለማየት ነው የሸሸሁት። ያን ቀን ልብስ ሰፊው ገብቶ ከፊቴ ሲቀመጥ አፌ ታሰረ። የምጠይቀው ጥያቄ፣ የምለው ነገር፣ ዕድሜ ልኬን የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ። ዝም አለ፣ ዝም አልኩ። ስፒል በአፉ ስለያዘ በልቤ አመሰገንኩት፤ ቢናገር ምን እንደምመልስለት አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው። በሦስተኛው ነው ስፒሎቹን ያወጣቸው። እኔም በጽሑፌ ላይ «የሐኪሟ ትዕግሥት ፍሬ አፈራ» ብዬ ተመጻደቅኩ።

አዲሱን አንቀጽ ደግሞ ማየት አለበት ብዬ ልብስ ሰፊውን ጠራሁት። አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«አውቄ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሰው እንደሞተብዎት። ዓይንዎ ያስታውቅ ነበር እኮ። ለዚያ አይደል ስፒሎቹን ያወጣኋቸው? ሁለታችንም ዝም ካልን ማን ሊናገር ነው ብዬ። እኔ እሻላለሁ፣ ለእኔ ትንሽ ቆይቶልኛል አልኩ።»

አለቀስኩ። በሙያዬ ከታካሚ ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ቀን አለቀስኩ፣ እሱም መሀረብ አቀበለኝ። «ሐዘንዎን ካወቅኩ አይቀር ልጅ አለዎት?» ብሎ ሲጠይቀኝ ስላንቺ ነገርኩት። የጽሑፉን መደምደሚያ እንዳለ አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። አሁን የሚለው እኔ እሱን ስጠብቅ እንደነበርኩ ሳይሆን፣ ሁለት የተጎዱ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲጠባበቁ አንደኛው ቀድሞ እንደራራ ነው። ሁለተኛው ገምጋሚ እንደገና ሲያዩት «አሁን ሐኪሟ አሉ» ብቻ ብለው አሳለፉት። ለካ የረገምኩት ሰው ባለውለታዬ ኖሯል። በዚህ ዓመት የማመሰግነው ሰው በዛብኝ፤ ልብስ ሰፊውን፣ ሚኒስትሯን፣ አዘጋጇን፣ እኚያን ክፉ ደግ ሰው። ባለ ዕዳ ሆኜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ሰው ይቀራል። ኋላ እነግርሻለሁ ያልኩሽ ነገር ይህ ነው። የአዘጋጇ ደብዳቤ ሲጀምር እንዲህ ይላል፦ «ለመዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን። በመጀመሪያ የጋበዝናቸው ገምጋሚ ሁለቱን የመጀመሪያ ገጾች ካነበቡ በኋላ ጸሐፊው ማን እንደሆኑ እንዳወቁ፣ ከጸሐፊውም ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳላቸው ገልጸው ሥራውን መልሰዋል። በምትካቸው ሌላ ገምጋሚ መፈለግ ነበረብን።»

ቆሜ ነበር የማነበው፤ ተቀመጥኩ። ሚኒስትሯ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አነበበችው።

«ማን ይሆኑ?» አለች።

«እኔንጃ፣ ስንቱን አስተምሬአለሁ።»

«‹የቅርብ ዝምድና› ነው እኮ የሚለው፣ ዶክተር።»

«አዎ» አልኳት። «እሱን ነው የማነበው።»

ከዚያ ወዲህ ያቺን መስመር ስንቴ እንዳነበብኳት አትጠይቂኝ። ማን እንደሆኑም አልጠይቅም፤ የገምጋሚ ስም አይነገርም፣ አንቺንም ንገሪኝ አልልሽም። ብቻ በሥራሽ አጋጣሚ እኚያን ገምጋሚ የምታገኚያቸው ከሆነ ሦስት ነገር በይልኝ። በመጀመሪያ፣ መመለሳቸው ትክክል ነበር፤ አባትሽ ቢኖር ይኮራባቸው ነበር። ሁለተኛ፣ ያቺን ሳጥን እናትሽ ፈርታ ባዶ ትታት ነበርና ስለሞሉላት እግዜር ይስጥልኝ። ሦስተኛውን እንዴት እንደምትነግሪያቸው አላውቅም። ናፍቀውኛል በያቸው። በጣም ናፍቀውኛል።

እንግዲህ ሰዓቴ ደረሰ፣ ሚኒስትሯ በሩን እያንኳኳች ነው። ያንቺን ወሬ ሳልጠይቅ ስለራሴ ስለለፈለፍኩ ይቅር በይኝ፤ ምላሽ ባትጽፊም አልቀየምም፣ ብትደውዪ ግን ስልኩን አጠገቤ ነው የማስቀምጠው። ሳናወራ ዝም ብንባባልም ግድ የለም፣ ዝምታ ልምዴ ነው። ፈጣሪ እጅሽን ይባርክ፤ ያዳመጥሽው ይዳን፣ የነካሽው ይቅና። እንጀራሽ አይጉደል፣ እንቅልፍሽ የጤና ይሁን። ደግሞ ብዪ፣ ከሳች ይሉኛል።

ጽሑፉ አሁን አልቋል፣ ተፈርዷል፣ ማንም እንዳያነበው የሚከለክል ደንብ የለም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ፖስታው እንዳይከብድ ብዬ ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ነው የላክሁት።

የምትወድሽ እናትሽ